ዘፋኙ ከላይ፣ ከበሮው ከታች

የአዲስ አበባ ሰው የሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ጥያቄ አያበዛም። የት እንደተሠራ፣ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ሪሞቱ ባትሪ ይኑረው አይኑረው በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤዝ አለው?» ሻጩም ጠዋት ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ይህንኑ ሲጠብቅ የዋለ ነውና በአፉ አይመልስም። ድምፁን እስከ ጥግ ይለቀዋል። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ካውያዎች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ የሱቁ መስታወት ይርገበገባል፤ በር ላይ የቆመው ሎተሪ አዟሪ ዞር ብሎ ያያል። ገዢው ደግሞ መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። ልቡ የራሷን ምት ትታ የዘፈኑን መከተል ከጀመረች ዕቃው ጥሩ ነው። ይከፈላል።

ዕቃ በሚያደርሰው ጉዳት የሚሞገስበት ንግድ ከዚህ ሌላ አላውቅም። «ይሄማ መስታወት ያረግፋል!» ይልሃል ሻጩ ፊቱ በኩራት እያበራ። «ያኛው ደግሞ ጣሪያ ይነቅላል! ባለፈው ከኔ የወሰደውን ልጅ አከራዩ አስወጥቶታል!» ከዚህ በላይ የጥራት ማረጋገጫ የለም። ፍሪጅ ሻጭ «ይሄ ፍሪጅ ከቤት ያስባርራል» ብሎ ቢያሞግስ ማን ይገዛዋል? ቤዝ የሚያወጣው ሳጥን፣ ሰብዉፈር፣ ሲሆን ግን እንገዛለን። እንዲያውም አከራዩ ስንት ቀን እንደታገሠ ጠይቀን፣ ቶሎ የተባረረበትን እንመርጣለን።

ይህ ፍቅር የሳሎን ብቻ አይደለም። የክፍለ ሀገር ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ቤዝ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ አንድ ትልቅ ሳጥን ተገጥሟል፤ ተሳፋሪው ጀርባውን የሚያስደግፈው እዚያው ላይ ነው። «ወራጅ አለ» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም፤ የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ ማድረግ ነው። ሰው ከወረደም በኋላ ጥቂት እርምጃ ድረስ ዘፈኑ አብሮት ይሄዳል፤ በጆሮው ሳይሆን በኩላሊቱ።

እኔ ቤት ያለው ስቴሪዮ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከአባቴ የወረስኩት አምፕሊፋየርና ሁለት እስፒከር ነው፤ ጨዋ ነው። ክራሩን ክራር፣ ዋሽንቱን ዋሽንት አድርጎ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ታዲያ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ይጎድላል። ኦርጋኑ አለ፣ ነፋሾቹ አሉ፣ ድራሙም አለ፤ ቤዝ ጊታሩ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1977 ተቀርጾ እስካሁን ሰው የሚያስጨፍር ሥራ እኔ ሳሎን ሲደርስ ወገቡን ጥሎ ይገባል።

ነገሩ የእስፒከሮቹ ጥፋት አይደለም። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ ማለትም 41 ኸርዝ ነውና ከጉድጓዱ ሥር ነው ያለው። እዚያ ለመውረድ ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል። የድምፁ ኸርዝ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ በያዘው ጉልበት እንዲሰማ ከተፈለገ የእስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቆ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት። መዳፍ የምታህል እስፒከር ይህን መንገድ አትችለውም። ትሞክራለች፣ ታቃስታለች፣ ትተወዋለች።

ደግነቱ አእምሯችን ቸር ነው። የወፍራሙ ድምፅ ቅርንጫፎች ብቻ ከደረሱት ግንዱን ራሱ ይተክለዋል። ስልክ ላይ ዘፈን ስንሰማ ቤዙ ጭራሽ እንደሌለ የማናስተውለው ለዚህ ነው። በካሴትና በትንሽ ሬዲዮ ያደገው የኔ ትውልድማ የስንቱን ባንድ ቤዝ ራሱ ሲጫወት ኖሯል፤ አንድም ሰው ግን ክፍያ አልጠየቀም። የማይታለለው በገና ላይ ነው። በገናን አጠገቡ ተቀምጦ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ከክሩና ከብርኩማው መካከል ያለችው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ጥዝጥዝታ አለ፣ ከጥዝጥዝታው ሥር ደግሞ ሆድ የሚያባባው ወፍራም ድምፅ አለ። በስልክ ሲሰማ ጥዝጥዝታው ብቻ ይመጣል። በዐቢይ ጾም ሰው በገና ከፍቶ ሊመሰጥ ሲል ንብ የገባበት የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጆሮን አድልዎ በመስመር ስለው አሳይተዋል፤ ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፤ ድምፁ ሲቀነስ ደግሞ ስንፍናው ይብሳል። ማታ ልጆች ተኝተው ቀስ አድርገን ሙዚቃ ስንከፍት መጀመሪያ ተሰናብቶን የሚሄደው ቤዙ ነው። በድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ያለው ይህን ለመካስ ነው። የአባቴ አምፕሊፋየር ላይ ይህ ቁልፍ ከተገዛ ጀምሮ እንደተጫነ ነው፤ የሚነሣ መሆኑንም የሚያውቅ ቤተሰብ አልነበረም።

ስለዚህ ሰብዉፈር መግዛት ግድ ሆነ። ወደ ገበያ ወጣሁ።

ካርቶኑ ላይ 10,000 ዋት ተጽፏል፤ ቁጥሩ ዙሪያውን የእሳት ነበልባል ተስሎበታል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ካርቶኑ እውነት ከተናገረ፣ ይህ ሳጥን አንድ ዘፈን በዘፈነ ቁጥር ሦስት ምጣድ ተጥዶ እንጀራ እየተጋገረ ነው ማለት ነው። ሳጥኑን አዙሬ ከኋላ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበብኩ፤ 60 ዋት ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሻጩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ የፊቱ ጉልበቱ ነው፣ የኋላው ትሕትናው ነው» አለኝ። ከዚህ ወዲያ መከራከር ነውር መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የፊቱ ቁጥር ለዐይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ በወረቀት ላይ የተሰላ ነው፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ የሚሸከመው የኋላው ነው።

ዕቃው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበቡኝ። አራተኛ ፎቅ ለማውጣት የጠሩት ዋጋ ሰብዉፈሩን በዱቤ የሸጡልኝ አስመሰላቸው። «ራሴ እሸከመዋለሁ» አልኩ። «ይቻላል፤ አንተ ስትሸከም እኛ ደግሞ እንቀበልሃለን፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው» አሉ። እንዲህ ያለውን ሕግ የጻፈ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይገባው ነበር። ተስማማን፤ ዕቃው ወጣ።

ባለቤቴ ከፍታ አየችው። «ኮመዲኖ ነው?»

«ሰብዉፈር ነው።»

«ሁለት እስፒከር አለ አይደል? ይሄ ምን ይሠራል?»

«እነሱ የማይችሉትን።»

ዝም ብላ ዞረችው። ከዚያ የቤት ዕቃ ሁሉ የሚጠመቅበትን ሥርዓት ፈጸመችለት፤ በላዩ ነጭ ዳንቴል አነጠፈች፣ በዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው አኖረች። ቦታውም ተወሰነ፤ በቡፌውና በመስኮቱ መካከል ያለው ጥግ። ሌላ ቦታ ሶፋ አለ፣ ሌላው ጋ ቴሌቪዥን አለ፣ ሌላው ጋ ረከቦት አለ።

ገመዱን የሚያገናኝልኝ አንድ ወጣት ቴክኒሻን መጣ። የአባቴ አምፕሊፋየር ሰብዉፈር የሚባል ነገር ሳይታሰብ የተሠራ ስለሆነ ለዚያ የተዘጋጀ መውጫ የለውም። ልጁ አልተጨነቀም፤ ወደ እስፒከሮቹ የሚሄደውን ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥቶ በሰብዉፈሩ ጀርባ አስገባው። ጀርባው ላይ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ነው። ሁለተኛው ክሮስኦቨር ይባላል፤ ከየትኛው ኸርዝ በታች ያለውን ሰብዉፈሩ እንደሚረከብ የሚወስን የድንበር ኮሚሽን ነው፤ ልጁ 80 ላይ አቆመው። ሦስተኛው 0 እና 180 የሚል ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር ነው። «ይሄስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እስፒከሮቹ አየሩን ሲገፉ ይሄኛው እየሳበ ከሆነ ይጠፋፋሉ። ሁለቱም እየሠሩ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ያኔ ይሄን መገልበጥ ነው።» በዚህ ዓይነት ሁለቱም ሌት ተቀን እየሠሩ ባዶ የሚቀሩ መሥሪያ ቤቶች አስታወስኩና እነሱም ጀርባቸው ላይ ይህች ቁልፍ ብትኖራቸው ብዬ ተመኘሁ።

ልጁ ሄደ። ሶፋዬ መሐል ተቀመጥኩ። ዘፈኑን ከፈትኩ። ቤዝ የለም።

ጨመርኩ። የለም። አሁንም ጨመርኩ። የቡፌው መስታወት መንጫጫት ጀመረ፣ በውስጡ የተደረደሩት ስኒዎች ጆሮ ለጆሮ ይጋጫሉ፣ የላስቲክ አበባው ከነማስቀመጫው በዳንቴሉ ላይ ቀስ እያለ መጓዝ ጀመረ። ዐይኔ እያየው ነው። በእያንዳንዱ ምት የጥፍር ስፋት ያህል ወደ ጠርዙ ይጠጋል፤ ዘፋኙ ሲያርፍ ያርፋል፤ ዘፋኙ ሲመለስ መንገዱን ይቀጥላል። ሦስተኛው አዝማች ላይ ጠርዙን አልፎ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። አበባ ወደቀ፣ ስኒ ጮኸ፣ እኔ ግን ሶፋው መሐል ላይ ቤዝ አልሰማሁም።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ለሐሜት ነበር፤ ለፊዚክስም እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ43 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል። የኛ ሳሎን ደግሞ 4 ሜትር ነው፤ ልክ ግማሹ። እንዲህ ሲገጥም ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቆሞ ይቀራል፤ ግድግዳው ዘንድ ጉልበቱ ይከማቻል፣ መሐል ላይ ደግሞ ባዶ ይሆናል። ሶፋው ያለው መሐል ላይ ነው። የጎረቤት አልጋ ራስጌ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ቤዙን የሚሰማው ጎረቤቴ! እኔ አልሰማም ብዬ በጨመርኩ ቁጥር ለሱ እየላክሁለት ነው።

ሳጥኑ ጥግ ላይ መቀመጡም ነገሩን አባብሶታል። ሁለት ግድግዳና ወለል ተባብረው የሚያወጣውን ሁሉ መልሰው ወደ ቤቱ ይገፉለታል፤ ቆመው የሚቀሩትን ሞገዶችም አንድ ሳያስቀር ይቀሰቅሳቸዋል። መኪና ጥግ ይዞ ማቆም ደግ ነው፤ ሰብዉፈርን ግን ጥግ አይመክሩትም።

ለዚህ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መድኃኒት አለ፤ ሲያዩት ያሳፍራል እንጂ ይሠራል። ሰብዉፈሩን አንሥቶ አድማጩ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ፤ ቤዝ ያለበት ዘፈን መክፈት፤ ከዚያ በአራት እግር ወለሉ ላይ እየዳኸ ጆሮን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በየጥጉ መስማት ነው። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ሳይጎላም ሳይሳሳም የሚሰማበት ቦታ ሲገኝ ሰብዉፈሩ እዚያ ይቀመጣል። ከሶፋው ወደዚያ ቦታ የሚሄደው ድምፅ ከዚያ ቦታ ወደ ሶፋው ሲመለስም መንገዱን አይስትም።

ባለቤቴ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ሥራውን ጀመርኩ። ሰብዉፈሩ ሶፋው ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ተሰይሟል፤ እኔ በጉልበቴ ከመጋረጃው ሥር ተነሥቼ በረከቦቱ በኩል እየዳሁ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ኖሯል። የብሎኩ ኮሚቴ፣ የጥበቃ መዋጮ ሊሰበስቡ የመጡ ጋሼ፣ ደብተራቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ቤዝ ነው ጋሼ።»

የአገሬ ሰው ዕቃ ጠፋ ከተባለ ምን እንደሆነ ሳያጣራ ፍለጋ ይጀምራል። ጋሼ ደብተሩን አስቀምጠው፣ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው በርከክ አሉ። ከቡፌው ሥር እያዩ፣

«ትልቅ ነው?» አሉ።

«ስምንት ሜትር ይሆናል።»

ዝም አሉ። መብራቱን አጠፉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ስምንት ሜትር ዕቃ በዚህ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠፋል?»

«እሱን ነው እኔም የማጣራው።»

የጥበቃውን መዋጮ ሳይቀበሉኝ ሄዱ። ያን ወር የኔ ስም ትይዩ «ታሟል» ብለው ሳይጽፉ አልቀሩም።

ፍለጋው ተሳካ። ቦታው ከረጅሙ ግድግዳ መሐል ትንሽ ወደ ግራ፣ ባለቤቴ ረከቦቱን ያኖረችበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ረከቦቱ ወደ ጥግ፣ ሰብዉፈሩ ወደ ረከቦቱ ቦታ ተዛወሩ። ድርድሩ ረጅም ስለነበር አልተርከውም፤ አዲስ አበባ ማስቀመጫ መግዛት እንደተካተተበት ብቻ ይታወቅልኝ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ቤዝ ጊታሩ ገባ። ባንዱ ሙሉ ሆነ።

በማግስቱ ከታች ያሉት እማማ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ ዘፈን አልጠላም። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ዘፋኙን የት እያስቀረኸው ነው ከበሮው ብቻ እኔ ቤት የሚመጣው? ወይ ዘፋኙንም ጨምረህ ላክልኝ፣ ወይ ከበሮውን ከዘፋኙ ጋር አስቀምጠው።»

አንድም የድምፅ መሐንዲስ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ ሊያስረዳው አይችልም። ግድግዳና ወለል ቀጭኑን ድምፅ ያስቀሩታል፤ ግጥሙ፣ ክራሩ፣ እልልታው እዚያው ይቀራል። ወፍራሙ ግን ግድግዳ አያግደውም፣ በወለሉም ይነዝራል። የኛ ኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ ነው፤ ሙቀጫ ሲወቀጥ ሁለት ፎቅ ሙሉ ቡና ይሸታል ባይባል እንኳ ቡና መወቀጡን ያውቃል። ጎረቤቱን በዘፈን የሚያዝናና መስሎት ቤዝ የሚለቅ ሰው፣ የሚልከው ግጥም የሌለው፣ ዜማ የሌለው፣ ምክንያቱም የማይታወቅ ድብደባ ነው።

ወፍራም ድምፅ ርቆ መሄዱን አያቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ከሩቅ ሲሰማ ቀድሞ የሚደርሰው ከበሮው ነው። መንግሥትም አዋጅ ሊያስነግር ሲፈልግ በዋሽንት አላስነፋም፤ ነጋሪት አስመታ። የአዋጁ ቃል ከገበያው ጫፍ ላይደርስ ይችላል፤ አዋጅ መኖሩ ግን ተራራ ያቋርጣል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ በነጋሪት ስም መጠራቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ሕጉን ሁሉም አይሰማውም፣ መምጣቱን ግን ሁሉም ይሰማዋል።

እማማ አንድ ቀን ከኮሚቴው ጋሼ ጋር መጡ። ጋሼ ስልካቸው ላይ ድምፅ መለኪያ ጭነዋል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅም ብክለት ነው፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ልክ ደግሞ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ጋሼ እማማ ሳሎን መሐል ቆመው ለኩ። እኔ ከላይ ከፍቻለሁ። «41 ነው፤ ሕጋዊ ነው» ብለው ፈረዱ። እማማ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ «ሕጉ እዚህ ይምጣና ይንካው» አሉ። እውነታቸውን ነው። መለኪያዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ሚዛን «ኤ» የሚባለው ነው፤ ይህ ሚዛን የጆሮን ስንፍና ስለሚከተል 40 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ሲያገኝ 35 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ይመዘግባል። ደረትና ግድግዳ ግን እንዲህ ዓይነት ቅናሽ አያደርጉም። ስለዚህ ሰው በሕግ ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱን እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል፤ ይህም ለሰብዉፈር ብቻ የተሰጠ መብት አይመስለኝም።

ስሜ ግን ከዚያ በኋላ አልተጠገነም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ አንድ ሌሊት አልጋው ተነቃነቀ፣ የጣሪያው መብራት ተወዛወዘ፣ የቡፌው ስኒ ጮኸ። ገና ዐይኔን ሳልገልጥ ስልኩ ጠራ። «ልጄ፣ በእግዚአብሔር! በዚህ ሌሊት?» አሉ እማማ። ሶኬቱ ተነቅሏል ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል? ሁላችንም በጋቢና በቢጃማ ግቢው ውስጥ ስንሰበሰብ የጎረቤቱ ሁሉ ዐይን እኔ ላይ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ሥራ በኔ ሳጥን ተላከከ። እንደዚያ ያለው መነቅነቅ ከ20 ኸርዝ በታች ነው፤ የኔ ሰብዉፈር እዚያ አይወርድም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ይውረድ አላልነውም» አሉ ጋሼ ኮሚቴ።

ይህን ወንጀል በሲኒማ ሆን ብለው የሠሩት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚያወራ ፊልም ነበር፤ «ሴንሰራውንድ» በሚባል ዘዴ አዳራሹን በወፍራም ድምፅ ያናውጡት ነበር። ሎስ አንጀለስ ባለ አንድ ታዋቂ ሲኒማ ቤት የጣሪያው ፍርፋሪ ተመልካች ላይ እንዳይወድቅ መረብ ተዘርግቶ ነበር። ሰው ከፍሎ ገብቶ ጣሪያ ይረግፍበታል! በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድም ድምፅ ማጉያ በአብዮት ስትናወጥ ነበርና እኛ መረቡም ትኬቱም አላስፈለገንም።

ነገሩ በሽምግልና አለቀ። ሽማግሌውም ቡና ነበር። እማማ ቤት ወረድኩ፤ ልጄ ላይ ቤት ቀረች፣ ከሰብዉፈሩ ጀርባ ተንበርክካ ቁልፉን ይዛለች። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አንድ እጄን እማማ ራስጌ ባለው ግድግዳ ላይ አሳርፌ፣ «ቀንሺ» እላለሁ። ትቀንሳለች። እማማ ስኒያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። «አሁንም እግሩ ይሰማኛል» ይላሉ። «ቀንሺ።» ሁለተኛው ስኒ ላይ «አሁን ጫማውን አወለቀ» አሉ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ዝም አሉ። «በቃ» አልኳት። ከዚያም የመኪና ጎማ ቆርጠው በረባሶ ከሚሠሩ ሰዎች አራት ቁራጭ ጎማ ገዝቼ ከሰብዉፈሩ እግር ሥር አኖርኩ፤ ሳጥኑ ወለሉን በቀጥታ እየነዘረ መልእክት እንዳይልክ።

ወደ ላይ ወጥቼ ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ልክ ለእማማ ብቻ ሳይሆን ለሙዚቃውም ልክ ነበር። ቤዙ ከሳጥኑ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከሁለቱ ትንንሽ እስፒከሮች የሚወጣ ነው የሚመስለው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸግረዋልና፣ በልኩ የተቀመጠ ሰብዉፈር ራሱን ደብቆ ነው የሚሠራው። መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። አጥፍተህ ብታየው ባንዱ በሙሉ ከወገቡ በላይ ብቻ ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ ግን ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ዐሥር ደቂቃ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ፣ ሳጥኑን ያይና «ሰብዉፈሩ አይሠራም እንዴ?» ይላል። ይሠራል እለዋለሁ። «ታዲያ አይሰማም እኮ!» እንደ እሱ ከሆነ፣ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ሁሉ ካልጮኸ አልሠራም።

ከሰብዉፈር የተማርኩት ይኼው ነው ልበልና ነገሬን ላሳጥር፤ የቤዝን ልክ የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። የሚገዛ ሰው በሱቁ ውስጥ እጁን ደረቱ ላይ ከሚያሳርፍ፣ እጁን የጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ቢያሳርፍ ብዙ ሐሜት ይቀርለታል።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ እማማ» አልኩ ሳይጠይቁኝ።

«አብራው እንጂ! የልጅ ልጄ ሰርግ ነው። ቤቱ ዘፋኝ ሞልቶታል፤ ከበሮ ያመጣል የተባለው ልጅ ቀረ። ከበሮውን ብቻ ላክልኝ፤ ዘፋኙን እዚያው አስቀረው።»

የሰርግ ዘፈን ከፈትኩ። የሁለቱን እስፒከሮች ሽቦ ነቀልኩ። ጎማዎቹን ከሥር አወጣሁ፤ ሰብዉፈሩን ወደ ድሮው ጥግ መለስኩት፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ከታች እልልታው ቀለጠ። ከላይ ግን እኔና ባለቤቴ ዘፋኝ የሌለው፣ ዜማ የሌለው ድም ድም ብቻ ስንሰማ ተቀመጥን። «ይሄን ነበር እንዴ ሲሰሙ የከረሙት?» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ። አዲሱን የአበባ ማስቀመጫ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ኮሚቴ ናቸው፤ ስልካቸውን ወደ ሰብዉፈሩ ዘርግተው ይለካሉ።

«ከ55 አልፈሃል» አሉ።

«እማማ ናቸው ያዘዙኝ።»

ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው ትንሽ ጨምረው፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ይደክማል» ብለውኝ፣ ትከሻቸውን እያሟሟቁ ወደ ታች ወረዱ።